ትንሽ ትምህርት ቤት ለምን ውድ ይሆናል? ከካዛንቺስ የስም መጥሪያ የተነሳ ታሪክ

የመምህር የስም መጥሪያ ቀረብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በፊደል ተራ የተደረደሩ ስሞች፣ ከጎናቸው ትንንሽ ሳጥኖች፣ እዚህም እዚያም በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ ስም። ከተሰረዘው ስም አጠገብ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ይጻፋል፤ «ለቀቀ» ወይም «ለቀቀች»። ልጁ የት እንደሄደ፣ ለምን እንደሄደ መጥሪያው አይነግራችሁም።

እኔ 7ኛና 8ኛ ክፍልን የተማርኩት ቂርቆስ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ያኔ «ለቀቀ» ማለት ብዙ ጊዜ «ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው» ማለት ነበር። ዕጣ በወጣ በወራት ውስጥ ክፍሉ ይሳሳል። አንድ የክፍላችን ልጅ ዓመቱን ለመጨረስ ከጀሞ ድረስ በአውቶቡስ እየተመላለሰ ሁልጊዜ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ይደርስ ነበር። ቤት አግኝተው ስለሄዱ ደስ ብሎን ነበር፤ ለእነሱም በእርግጥ ደስታ ነበር። ለትምህርት ቤቱ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ምህንድስና ገብቼ የውሃ ማጠራቀሚያ ስሌት መሥራት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

እስቲ ግቢያችሁ ውስጥ ያለውን ሮቶ አስቡት። ከላይ ውሃ ይገባል፣ ከታች ይወጣል፤ ውስጡ ያለው መጠን የሁለቱ ልዩነት ነው። የአንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ቁጥርም እንደዚያው ነው። በአንድ በኩል በሰፈሩ የሚወለደውና ከሌላ ቦታ የሚመጣው ልጅ ይገባል፤ በሌላ በኩል የሚመረቀው፣ የሚያቋርጠው፣ ወደ ግል ትምህርት ቤት የሚሄደውና ቤተሰቡ ከሰፈር የሚነሳው ይወጣል። መሐንዲስ ቁጥሩን ይቆጥራል። የታሪክ ሰው ደግሞ «ቧንቧውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በካዛንቺስ ጉዳይ መልሱ ያስገርማል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቧንቧው በትምህርት ሰዎች እጅ ሆኖ አያውቅም ማለት ይቻላል።

የሠራተኛ ቤቶች ሰፈር

ካዛንቺስ የሚለው ስም መነሻው ጣልያንኛ ነው። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራ ተቋም ነበር፤ የተቋሙ ስም ሲያጥር «ኢንቺስ» ይባላል። «ካዜ ኢንቺስ» ማለት እንግዲህ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው አፉ ላይ አለስልሶ ካዛንቺስ አደረገው። ቤቶቹ የተሠሩት ለጣልያን ሹማምንትና ጸሐፊዎች እንጂ ለአገሬው አልነበረም። የአገሬው ልጅማ ትምህርት ቤት የማግኘት ዕድሉም ተሟጦ ነበር፤ ከወረራው በፊት የተከፈቱት አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ወይም ለሌላ አገልግሎት ተሰጥተው ነበርና። ሰፈሩ ሲወለድ የታቀደው ቤት ነው፤ ልጅ በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም።

ከነፃነት በኋላ ሰፈሩ በሌላ ሰው ሞላ። ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ተሠራ፤ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ትልልቅ ሕንፃ ባለበት ዘበኛ፣ ጽዳት ሠራተኛ፣ ሾፌር፣ ጸሐፊና ምግብ አብሳይ ያስፈልጋል። እነዚህ ሰዎች የሚያድሩት በየግቢው ጀርባ በተቀጠሉ የጭቃ ክፍሎች ውስጥ ነበር። ልጆቻቸውም የሚማሩበት ይፈልጋሉ።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ጥሎ፣ የሚሰበሰበው ገንዘብ በዚያው ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ደንግጎ ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ያኔ የትምህርት ገንዘብ የሚታሰበው በመሬት እንጂ በልጅ ብዛት አልነበረም።

ከግንቦት 7 እስከ 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ዩኔስኮና ይኸው የካዛንቺስ ጎረቤት የሆነው የኢኮኖሚ ኮሚሽን በጠሩት ጉባኤ የአፍሪካ አገሮች አዲስ አበባ ላይ ስለ ትምህርት መከሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ልጅ ይዳረሳል የሚል ግብም አስቀመጡ። አስተናጋጇ ኢትዮጵያ በተማሪ ብዛት ከአህጉሩ ጭራ ከነበሩት አገሮች አንዷ መሆኗ በዚያ ጉባኤ ላይ በግልጽ ታየ። እንግዶች ጠርቶ ጓዳው ባዶ መሆኑ እንደታየበት ሰው አስቡት።

ከዚያ በኋላ፣ በ1956 ዓ.ም. አካባቢ፣ የትምህርቱ እርከን ተቀየረ። ቀድሞ 8 ዓመት አንደኛ ደረጃና 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ የነበረው 6-2-4 ሆነ። መሃል ላይ ያለችው «2» ናት የዛሬ ጉዳያችን፤ «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» ትባል ነበር፤ 7ኛና 8ኛ ክፍል። መውጫዋ ላይ «ሚኒስትሪ» ቆሞ ይጠብቃል። ሚኒስትሪ ያለፈና ያላለፈ ልጅ በሰፈር ውስጥ ምን ያህል የተለያየ ሰው እንደነበር እናትና አባቶቻችሁን ጠይቁ።

በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ይህችን በር ለአብዛኛው ልጅ ሊያጠብባት ነበር። ስሌቱ ግልጽ ነው። ገንዘቡ ውስን፣ ልጁ ብዙ፤ ስለዚህ ለብዙኃኑ የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይበቃል የሚል ሐሳብ። እንደ መሐንዲስ ሳየው ሒሳቡ አይነቀፍም፤ ቧንቧውን አሳጥሮ ማስፋት ነው። እንደ ዘበኛ ልጅ አባት ስታዩት ግን «ልጄ 4ኛ ክፍል ላይ ይቁም» ማለት ነው። መምህራን ለደሞዛቸውና ለሥራቸው ሰጉ፤ ወላጅ ለልጁ ሰጋ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ በነዳጅ ዋጋ የተቆጡት ባለ ታክሲዎችም አብረው ቆሙ። መንግሥት ዕቅዱን ወደ ጎን ቢያደርገውም አብዮቱን አላስቀረውም። የተማሪ ቁጥርና የበጀት ሒሳብ መንግሥት ያናጋ ነገር ነው ስላችሁ አጋነንክ እንዳትሉኝ።

ፈረቃ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ኪራይ ቀነሰ፤ ሰውም ባለበት ረጋ። የካዛንቺስና የቂርቆስ የቀበሌ ቤቶች ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ነው። ለትምህርት ቤቱ ይህ ማለት የመውጫው ቧንቧ ተዘጋ ማለት ነው፤ ርካሽ ቤት ያገኘ ቤተሰብ ማን አስገድዶት ይነሳል? በዚያው ሰሞን የግል ትምህርት ቤቶችም ወደ ሕዝብ ተዛወሩ። ቀጥሎ በአዋጅ ቁጥር 103 ትምህርት ቤቶች በሕዝብ ኮሚቴ መተዳደር ጀመሩ። የዘመኑ አሻራ በየበሩ ላይ ቀርቷል፤ ቂርቆስ ውስጥ «አብዮት ቅርስ» የሚባል ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ አለ፤ ስሙን ለማብራራት የታሪክ ባለሙያ አያስፈልግም።

በአገር አቀፍ ደረጃ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ1967 ዓ.ም. ከነበረበት ወደ 957 ሺህ ገደማ በ1978 ዓ.ም. ወደ 2 ሚሊዮን 450 ሺህ ገደማ ደረሰ። ሕንፃው ግን በዚያ ፍጥነት አልተሠራም። ታዲያ የት ተቀመጡ? በፈረቃ። ጠዋት አንድ ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ያው ግቢ ሌላ ትምህርት ቤት፣ ማታ ደግሞ ሦስተኛ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት አራት ልጅ። ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ወጪ በወረቀት ላይ ሲታይ እጅግ ርካሽ ነው፤ ጣሪያው ያው፣ ዘበኛው ያው፣ ተማሪው እጥፍ። ያ ርካሽነት ግን ከልጁ ጊዜ ላይ የተቆረጠ ነበር። ግማሽ ቀን የተማረ ልጅ ግማሽ ቀን አልተማረም።

የማታውን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከገጠር መጥተው ሰው ቤት የሚሠሩ ሴት ልጆች ደብተራቸውን በፌስታል ይዘው ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የሚገቡት በእነዚህ ግቢዎች ነው። በሰፈሩ አልተወለዱም፤ ወላጆቻቸው በሰፈሩ የሉም፤ መጥሪያው ላይ ግን ስማቸው አለ። ስለ መሃል ከተማ የተማሪ ብዛት ስታስቡ እነሱን ከረሳችሁ ሒሳባችሁ ይሳሳታል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአዲስ አበባ ሕዝብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የተወለደው ሌላ ቦታ ነበር።

ልጅ የቀነሰበት ከተማ

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እርከኑን 8-2-2 አደረገው። መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ነገር በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ 7ኛና 8ኛ ክፍል የአንደኛ ደረጃ ጭራ ሆኑ። የግል ትምህርት ቤትም እንደገና ተፈቀደ። መክፈል የሚችለው ቤተሰብ ቀስ በቀስ ልጁን አወጣ። ቀድሞ የጸሐፊው ልጅና የጠላ ሻጯ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጡ የነበሩባቸው ግቢዎች የኋለኛዋ ልጅ ብቻ የምትማርባቸው እየሆኑ መጡ። ይህን ስል ናፍቆት እንዳይመስልባችሁ፤ በዚያ ዴስክ ላይ አራት ሆኖ መቀመጥ የሚናፈቅ ነገር አይደለም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላው ለውጥ የወሊድ ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው አማካይ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2000 1.9፣ በ2005 1.4፣ በ2011 1.5፣ በ2016 1.8 ነበር። አንድ ትውልድ ራሱን ለመተካት 2.1 ገደማ ያስፈልገዋል። ከተማዋ እያደገች ያለችው በሚወለደው ሳይሆን በሚመጣው ነው፤ የሚመጣው ደግሞ ባብዛኛው ወጣት እንጂ የ7ኛ ክፍል ልጅ ይዞ የሚመጣ ወላጅ አይደለም። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 221 ሺህ ሰው ነበረው፤ ስፋቱ ወደ 15 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 15 ሺህ ሰው ማለት ነው። እንዲህ ጥቅጥቅ ያለ ሰፈር ውስጥ ትምህርት ቤት ተማሪ ሊያጣ ይችላል ብሎ ማን ይገምታል? ግን ይችላል።

በዚህ ላይ ካዛንቺስን በመልሶ ማልማት ማንሳት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መጣ፤ ቀጥሎ የኮንዶሚኒየም ዕጣ። ጀሞ፣ ጎፋ፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ። የመውጫው ቧንቧ ተከፈተ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የመምህራን ደሞዝ ከመንግሥት በጀት ይመጣል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በኩል ለትምህርት ቤቶች ድጎማ መሰጠት ጀመረ። የመጀመሪያው ዙር ስሌት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል በተማሪ 50 ብር፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ 55 ብር፣ ለ9ኛና 10ኛ 60 ብር፣ ለመሰናዶ 70 ብር ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ ጠመኔ ለመግዛት ደብዳቤ ይዞ ወረዳ ለወረዳ መዞሩ ቀረለት። ግን ተመልከቱ፤ ገንዘቡ የሚታሰበው በልጅ ራስ ነው።

ሁለት ትምህርት ቤቶች በምሳሌ ልስጣችሁ፤ ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው። ሁለቱም 7ኛና 8ኛን ብቻ ያስተምራሉ፤ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ አለ። ትልቁ 16 ክፍል፣ 800 ተማሪ። ትንሹ 4 ክፍል፣ 200 ተማሪ። አንድ ክፍል በሳምንት 35 ክፍለ ጊዜ ቢኖረው ትልቁ 560፣ ትንሹ 140 ክፍለ ጊዜ ያስፈልገዋል። አንድ መምህር በሳምንት 25 ቢያስተምር ትልቁ 23 መምህር ይፈልጋል። ትንሹ 6 ይበቃዋል? አይበቃውም። የሒሳብ መምህር አፋን ኦሮሞ አያስተምርም፤ የስፖርት መምህር ሳይንስ አያስተምርም። የትምህርት ዓይነቱ ከ10 ስለማያንስ 10 መምህር የግድ ነው። ትልቁ ለ35 ተማሪ አንድ መምህር፣ ትንሹ ለ20 ተማሪ አንድ መምህር ይከፍላል። ሪፖርት ላይ ሲታይ ትንሹ አባካኝ ነው። በድጎማ ግን ትልቁ 44,000 ብር፣ ትንሹ 11,000 ብር ያገኛል። ጣሪያ የሚያፈሰው ደግሞ በተማሪ ቁጥር ልክ አይደለም። ዘበኛው፣ የውሃ ቆጣሪው፣ የሽንት ቤቱ በር፣ ሁሉም ያው ናቸው።

አሁን ከትንሹ ትምህርት ቤት 80 ልጆች ለቀቁ እንበል። ከእያንዳንዱ ክፍል 20፣ 20። የቀሩት 120 ናቸው፤ በየደረጃው 60። አንድ ክፍል ውስጥ እንክተታቸው ብትሉ መመዘኛው ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ ስለዚህ ያው ሁለት ሁለት ክፍል። መምህር አልቀነሰም፣ ክፍል አልቀነሰም፣ ወጪ አልቀነሰም። ድጎማው ግን ከ11,000 ወደ 6,600 ወረደ። ልጆቹ የሄዱት አንድ በአንድ ነው፤ ወጪው የሚቀንሰው ግን ክፍል ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ብቻ ነው። መሐንዲሶች ይህን ዓይነቱን ነገር ደረጃ ይሉታል፤ ቁልቁለት አይደለም፣ ደረጃ ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ቆሞ የሚቀረው ለመልቀቅ አቅም ያጣው ልጅ ነው።

ሁለት ነገሮች በበጎ ጎን መጠቀስ አለባቸው። በ2012 የትምህርት ዘመን ከተማ አስተዳደሩ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ማቅረብ ጀመረ፤ ቁርሱን ሳይበላ የሚመጣ ልጅ ያስተማረ መምህር የዚህን ትርጉም ያውቃል። ሌላው፣ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ እርከኑን እንደገና 6-2-4 አደረገው። ያቺ የጠፋችው «2» ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ «መካከለኛ ደረጃ» ተብላ ተመለሰች። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ በ7ኛና 8ኛ ክፍል «አጠቃላይ ሳይንስ» ተብለው ተዋሃዱ፤ ይህ ለትንሽ ትምህርት ቤት ጥቂት መምህር ያድንለታል።

ከዚያ 2017 ዓ.ም. መጣ። የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ካዛንቺስን ያነሳው በዓመቱ መግቢያ፣ ምዝገባ አልቆ መጥሪያው ተጽፎ ባለቀበት ሰሞን ነው። ነዋሪው ከተዛወረባቸው ቦታዎች አንዱ በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ ያለው ገላን ጉራ ነው። ከተነሱት ቤቶች ብዙዎቹ ያረጁ፣ ሽንት ቤት ለብዙ ቤተሰብ የጋራ የሆነባቸው ነበሩ፤ ማንም ሰው እዚያ ይኑር ብዬ አልከራከርም። የምከራከረው ስለ ሁለት ነገሮች ነው። አንደኛ፣ ምትክ ቤት በዋናነት የሚሰጠው ውል ላለው ነው፤ ደባል ተከራዩና ሰው ቤት የምትሠራዋ ልጅ የሄዱበትን የሚመዘግብ የለም፤ መጥሪያው ላይ «ለቀቀች» ብቻ። ሁለተኛ፣ የቤት መነሳት መርሐ ግብር ሲወጣ ከትምህርት ዘመኑ ጋር አልተያያዘም። መስከረምና ሰኔ ለመሐንዲስ ሁለት ወራት ናቸው፤ ለ8ኛ ክፍል ተማሪ ግን ሚኒስትሪ መፈተንና አለመፈተን ናቸው።

ያቺን የ1947 አዋጅ ያዙልኝ ብዬ ነበር። ያኔ ገንዘብ ከመሬት ወደ ትምህርት ይሄድ ነበር፤ ቢያንስ በወረቀት። ዛሬ የካዛንቺስ መሬት በከተማዋ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ መሬት በሊዝ ይሰጣል፤ የሊዙ ገቢ ወደ ከተማው ካዝና ይገባል። እዚያው መሬት ላይ የተቀመጠው ትምህርት ቤት ግን የሚተዳደረው በልጅ ራስ ነው። እኔ ብጠየቅ ድጎማውን ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ አንደኛው ክፍል በር ለሚከፍት ማንኛውም ትምህርት ቤት እኩል የሚሰጥ መነሻ፣ ሌላው በተማሪ የሚታሰብ። የውሃ ቢል ላይ የቆጣሪ ኪራይ ለብቻው እንደሚጻፈው ማለት ነው፤ አንድ ጠብታ ባትጠቀሙም ቧንቧው አለ።

ትንንሾቹን ማዋሃድስ? አንዳንድ ጊዜ ልክ ነው። ቤተ ሙከራ ያለው አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ከሌላቸው ሦስት ትንንሾች ይሻላል። ግን ውህደት ሲደረግ ዴስኩ ይቆጠራል፣ ወንበሩ ይቆጠራል፣ በሞዴል ተፈርሞ ርክክብ ይደረጋል፤ የድሮው ሮስተርና የስም መጥሪያ ግን በማዳበሪያ ታስሮ አንድ መጋዘን ጥግ ይጣላል። ዝናብ የገባበት ሪከርድ ክፍል አይቻለሁ፤ የ1970ዎቹ መዝገብ ገጾቹ ተጣብቀው እንደ ቂጣ ሆነዋል። የፈረሰ ሰፈር ውስጥ ማን ይኖር እንደነበር፣ የማን ልጅ ከማን ልጅ ጋር እንደተማረ የሚናገር ሌላ ሰነድ የት አለ? ቤቱ የለም፤ ቀበሌው ስሙ ተቀይሯል።

እስቲ እቤት ስትገቡ የራሳችሁን ወይም የወላጆቻችሁን የ8ኛ ክፍል ካርድ ከሻንጣው ሥር አውጡ። ማኅተሙ ላይ ያለውን የትምህርት ቤት ስም አንብቡ፤ ከዚያ ያ ትምህርት ቤት ዛሬ በዚያ ስም፣ በዚያ ቦታ መኖሩን ጠይቁ። የእናቴ ካርድ ላይ ያለው ስም ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ግቢው ግን እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ ምዝገባ ነበረው።